ከበሰበሰ ሙዝ የተገኘውን ሸማኔ አንጣለው

ማለዳ አትክልት ተራ የደረሰ ሰው ሽታውን ያውቀዋል። ከተጣለው ሙዝና ማንጎ የሚነሳው ሽታ መጀመሪያ ጠጅ ጠጅ ይላል፤ ውሎ ሲያድር ኮምጣጤ ይሆናል። እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል፣ ባክቴሪያዎች ደግሞ አልኮሉን ወደ አሲድ ስለሚለውጡት ነው። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ጥቂቶቹ ሴሉሎስ፣ ማለትም ወረቀት የሚሠራበትን የዕፅዋት ክር፣ ይሸምናሉ። እንግሊዛዊው ኬሚስት አድሪያን ብራውን ይህን የጻፈው በ1886 እ.ኤ.አ. ነው።

የስኳር ውኃ ውስጥ ጨምረው 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሳይነቀንቁ ካቆዩአቸው፣ ባክቴሪያዎቹ በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ፈሳሹን እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ነገር ያለብሱታል። ይህ የሴሉሎስ ሽፋን ሲነኩት ያሟልጫል፤ ከክብደቱ ከ90 በመቶ የሚበልጠው ውኃ ነው። በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ኮስቲክ ሶዳ) ሲያሞቁት ቡናማነቱ ለቆ ይነጣል፤ ሲደርቅ ጣት የሚያህለው ውፍረት ወረቀት ያህል ይሳሳል። የእንጨት ሴሉሎስን ለማጥራት የሚያለፋው ሊግኒን፣ እንጨትን የሚያጠነክረው ንጥረ ነገር፣ እዚህ የለም።

ይህ ነገ ወረቀትን ይተካል የሚሉ አሉ። አልስማማም፤ አመራረቱ አዝጋሚና ውድ ነው። ፊሊፒንሶች ከኮኮናት ውኃ ሠርተው እንደ ጣፋጭ ለዓለም ይሸጡታል፤ ብራዚሎች ለቃጠሎና ለቁስል መሸፈኛ አውለውታል። እርጥበት ስለሚይዝ ሲነሳ ቁስሉን አይልጥም። የተቃጠለ ሕፃን ፋሻው ሲፈታለት ሲጮህ የሰማ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። እኛም ማነጣጠር ያለብን እዚህ ላይ ነው።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ተማሪ ከበሰበሰ ፍሬ ባክቴሪያውን ለወራት ለፍቶ ይለያል፣ ጽሑፉን ይከላከላል፣ ይመረቃል። ሸማኔው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይረሳል፤ መብራት ጠፍቶ ይሞታል። ቀጣዩ ተማሪ እንደገና ከአትክልት ተራ ይጀምራል። በሕይወት ቢቆይ እንኳ ዝም ብሎ ከዕቃ ዕቃ ሲገለበጥ የኖረ ባክቴሪያ፣ በተለይ እየተናጠ ካደገ፣ መሸመኑን ሊተው ይችላል። ስለዚህ ገና በተገኘ ሰሞን በጥልቅ ቅዝቃዜ ወይም በደረቅ መልክ መቀመጥ አለበት።

የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ረቂቅ ተሕዋስያንንም እንዲጠብቅ የተቋቋመ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀበሉ ባክቴሪያው ለኢንስቲትዩቱ የገባበትን ደረሰኝ አብረው ይጠይቁ። ከየትኛው ፍሬ፣ ከየትኛው ገበያ እንደተገኘና በሊትር ስንት ግራም ደረቅ ሴሉሎስ እንደሰጠ አብሮ ይመዝገብ።