ኮምፒውተር የሚቆጠረው ቀን ነው ሌሊት?

ነገሩ ደብረ ብርሃን ባለ፣ ቅርንጫፎቹ እስከ መሐል ሜዳና ሸዋ ሮቢት በተዘረጉ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። በኔትወርክ እየዞረ እያንዳንዱ ሰርቨርና ዴስክቶፕ ምን ሶፍትዌር፣ ስንት ራም፣ የትኛውን ዊንዶውስ እንደያዘ የሚመዘግብ ፕሮግራም አላቸው። ይህ ቆጠራ፣ ማለትም ስካኑ፣ መቼ ይሂድ? ሰርቨሮቹን የሚይዙት አንጋፋ ባለሙያ ሁሉም ሌሊት 8 ሰዓት ይሁን ይላሉ። ዴስክቶፕ የምትጠግነው ወጣት ባልደረባቸው አልተዋጠላትም። ሁለቱም ጻፉ።

የሰርቨሩ ወገን

መንዝ ውስጥ በግ የሚቆጠረው ማታ ጉረኖ ሲገባ ነው። መስክ ላይ ተበትኖ ሲግጥ ልቁጠር የሚል እረኛ አላየሁም። ኔትወርክም ያው ነው። ቀን መስመሩ ላይ ሰው አለ፤ ሌሊት ባዶ ነው።

ዓምና የደረሰብንን ላስታውስ። ስካኑ ሌሊት 8 ሰዓት እንዲነሳ ተወሰነ። ፕሮግራሙን የሞላው ልጅ 08:00 ብሎ ጻፈ። ሰርቨር ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። ለእሱ 08:00 ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ መጻፍ የነበረበት 02:00 ነበር። ስካኑ የሁሉንም ቅርንጫፍ አድራሻ ባንዴ ማንኳኳት ጀመረ። 2:30 ላይ ቢሮ ሲከፈት የመሐል ሜዳ መስመር ታንቋል። በዚያ ብርድ ጋቢያቸውን ተከናንበው መስኮቱ ፊት የቆሙ ገበሬዎች «ሲስተም የለም» ተባሉ። ስልኩ የጮኸው እኔ ጋ ነው። ቀን ይሁን የምትይ ልጄ፣ ያን ጠዋት አስቢው።

የዴስክቶፑ ወገን

ጋሼ፣ በበጉ እስማማለሁ። በግ ማታ ጉረኖ ይገባል። ኮምፒውተር ግን ማታ ይጠፋል።

ስካኑ ለየማሽኑ ዓይነት የራሱ የመጠየቂያ መንገድ አለው፤ ዊንዶውሱን በደብሊው ኤም አይ፣ ሊኑክሱን በኤስ ኤስ ኤች፣ ፕሪንተሩን በኤስ ኤን ኤም ፒ ይጠይቃል። በየትኛውም መንገድ ቢጠይቅ የጠፋ ማሽን አይመልስም። የሌሊቱን ሪፖርት አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አየሁት። ሰርቨሮቹ አሉ። ፕሪንተሮች አሉ። ከዴስክቶፕ በየሌሊቱ ሳይቀር «አቤት» የሚለው የጥበቃዎቹ ክፍል ኮምፒውተር ነው። (ሌሊቱን ምን እንደሚያዩበት አልጠየቅኩም።) ሌላው ሁሉ «አልተገኘም»። ንብረት ክፍል በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ደረሰኝ) ወጪ ያደረገው ማሽን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እኛ ጋ የለም። ሰኔ 30 ሲደርስ እንደገና በእግር እየዞርን፣ በእስክሪብቶ መመዝገብ ነው።

ጣጣው የንብረት ክፍል ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። የትኞቹ ጠረጴዛዎች ላይ እንደቀረ የሚነግረኝ ይሄው ስካን ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ሲቪል መሥሪያ ቤቶች ቢያንስ በየ7 ቀኑ ኔትወርካቸው ላይ ያለውን መሣሪያ እንዲለዩ ታዘዋል። እኛ በየሌሊቱ እንሄዳለን፤ ግን የምንጎበኘው ባዶ ቤት ነው።

ያ ጠዋትም ቢሆን ጥፋቱ የቀን አልነበረም። አንደኛ ሰዓቱ ተሳስቶ ተሞላ። ሁለተኛ ሁሉም ቅርንጫፍ ባንዴ ተነካ። አንድ በአንድ ቢሄድ መስመሩ ባልታነቀ።

ሰርቨሮቹን ሌሊት ይያዟቸው፤ እነሱ አይተኙም። ባክአፑ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ከእሱ ጋር እንዳይጋጭ ብቻ። ለዴስክቶፕ ግን የምሳ ሰዓትን ስጡኝ። ሰው ይወጣል፣ ማሽኑ በርቶ ይቀራል፣ መስመሩም ይቀላል።

የሰርቨሩ ወገን

ማታ ይጠፋል ያልሽው እውነት ነው። ግን ማንቃት ይቻላል። ዌክ ኦን ላን የሚባል ነገር አለ፤ 102 ባይት የምታህል መልእክት ትልኪያለሽ፣ ማሽኑ ይነሳል፣ ይቆጠራል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሰው ምሳ በልቶ ቶሎ ቢመለስስ? «ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈ» ብሎ የሚጮኸው አንቺ ላይ ነው።

የዴስክቶፑ ወገን

ዌክ ኦን ላንን ሞክሬዋለሁ። በመጀመሪያ ባዮሱ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ መነሻ ፕሮግራም) ውስጥ መፈቀድ አለበት፤ ያን ለማድረግ እያንዳንዱ ማሽን ጋ መሄድ ነው። መልእክቷ ደግሞ እንዲሁ ከተላከች ቅርንጫፎቹን የሚያገናኘውን ራውተር አትሻገርም፤ ሸዋ ሮቢት አትደርስም። ትልቁ ችግር ግን ዲቫይደሩ ነው። ሠራተኛው ማታ ሲወጣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አይተወውም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥልበት ዲቫይደሩን ከግድግዳው ይነቅላል። አልፈርድበትም። የተነቀለን ማሽን ግን ማን ይቀሰቅሰዋል?

ስለ ጩኸቱ፣ ዓርብ ይሁን። ዓርብ ምሳ ከ5:30 እስከ 7:30 ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አለኝ። ዓርብ ያልተገኘውን ለብቻው ለይቼ ሰኞ እደግመዋለሁ። ሁሌም የሚያመልጠኝ ካለ ማሽኑን ራሱ መዝግቦ የሚልክ ትንሽ ስክሪፕት እዚያው ማሽን ላይ አስቀምጣለሁ። ዊንዶውስ ያመለጠውን ሥራ ማሽኑ እንደበራ እንዲያስኬድ ማዘዝ ይቻላል፤ መነሻውንም በደቂቃዎች መበታተን ይቻላል፣ ሁሉም 2:30 ላይ ባንዴ እንዳይነሳ።

የሰርቨሩ ወገን

እሺ፣ ዓርብን ሞክሪ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጀምሪ፤ መሐል ሜዳን መጨረሻ አድርጊው። ሰዓቱን ስትሞዪ ከጎኑ በእኛ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ ጻፊ፤ 5:40 ካልሽ የሚሞላው 11:40 ነው። ሰርቨሮቼን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እኔው አስኬዳለሁ፤ በአንቺ ፕሮግራም ውስጥ እንዳይገቡ። የስካኑ አካውንት ፓስወርድም እኔ ጋ ይቆይ።

የዴስክቶፑ ወገን

ይቆይ ጋሼ። ሲቀይሩት ግን ይንገሩኝ። ባለፈው ሳይነግሩኝ ቀይረውት ስካኑ በአሮጌው ፓስወርድ እየዞረ ሲያንኳኳ አካውንቱ ተቆልፎ፣ ግማሽ ቀን ቫይረስ ስንፈልግ ዋልን።