ክርክር፦ የመድህን ታካሚ ሁሌ ከጤና ጣቢያ ይጀምር?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል መጀመሪያ የሚታየው ጤና ጣቢያ ነው። ከአቅም በላይ ሲሆን ሪፈር ይጻፍለታል። ያለ ሪፈር ሆስፒታል ከሄደ የሕክምናውን ግማሽ ከኪሱ ይከፍላል። በዚህ ላይ ሁለት የሰሜን ሸዋ ሰዎች ተከራክረዋል። አንዷ መንዝ ውስጥ እናቷን ታስታምማለች። ሌላው ደብረ ብርሃን ጤና ጣቢያ የሚሠራ የጤና መኮንን ነው።

እሷ፦ እናቴ ግፊትም ስኳርም አለባት። ሆስፒታል ክትትል ላይ ናት፤ ቀጠሮዋ ካርዷ ላይ ተጽፏል። ቀኑ ሲደርስ ግን “ሪፈሩ ጊዜው አልፏል፣ አሳድሱ” እንባላለን። ተመልሰን ጤና ጣቢያ እንሰለፋለን። የገበያ ቀን ከሆነማ ካርድ ክፍሉ ጋ መድረስም አይታሰብ። ወረፋው ሲደርሰን ወረቀት ተጽፎ ይሰጠናል፣ በቃ። እስከዚያ ቀጠሮው ያልፋል፣ ኪኒኑም ያልቃል። መዋጮውን የከፈልነው እህል ሸጠን፣ ገና ሳንታመም ነው። ታዲያ ስንታመም ለምን ደጅ እንጠናለን?

እሱ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ምልልሱ እንደሚያደክም አውቃለሁ። ግን በሩ ለሁሉም ይከፈት ከተባለ አልስማማም። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25 ሺህ ሰው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ እስከ 100 ሺህ ለሚደርስ ሰው ታስቦ ነው የሚሠራው። ሳሉም ተቅማጡም ሆስፒታል ከሄደ ኦፕራሲዮን የሚጠብቀው ሰው ምን ይሁን? ደግሞ ግፊትና ስኳር ጤና ጣቢያም ክትትል አለው። ቤቷ አጠገብ ብትታይ አይሻልም?

እሷ፦ መድኃኒቱ ካለ እሰየው! “የለም፣ ከግል ፋርማሲ ግዙ” ስንባል ግን ቅርበቱ ምን ይጠቅመናል? ወንድሜ፣ በሩ ለሁሉም ይከፈት አላልኩም። ሆስፒታሉ ራሱ ቀጠሮ ለሰጠው ሰው የቀጠሮ ካርዱ ሪፈር ይሁንለት። የመድህን መታወቂያው በየዓመቱ ይታደስ የለ? ሪፈሩም አብሮ ይታደስ።

እሱ፦ ዓመት ይበዛል። ሕመሙ ሲረጋ ሆስፒታሉ ወደ ጤና ጣቢያ ሊመልሳት ይገባል። የሆስፒታል ሕክምና ወጪው ከፍ ይላል፤ ከፋዩም ያው የመድህኑ ቋት ነው። ቋቱ ከተራቆተ ለጤና ጣቢያው የሚከፈለው ይዘገያል፤ ያኔ ያልሽው የኪኒን እጥረት ይብሳል። ስድስት ወር ቢሆን እደግፋለሁ።

እሷ፦ ስድስት ወርም ይሁን። ግን ማሳደሱን ለእኔ ተዉልኝ። ካርዷንና መታወቂያዋን ይዤ ስመጣ “ታማሚዋ ራሷ ትምጣ” አትበሉኝ። መኪናው ያንገላታታል።

እሱ፦ እሱን አልቀበልም። ግፊቷን ሳልለካ አልፈርምም።