የሶዲየም ማነስም መጠቀስ ነበረበት
የድብርት መድኃኒት ጉዳት ከማቅለሽለሽና ከእንቅልፍ መዛባት አያልፍም የሚለው የጽሑፉ አባባል በዕድሜ ለገፉ ሰዎች አይሠራም። ደብረ ብርሃን የሚኖሩት የ71 ዓመት አክስቴ ፍሉኦክሴቲን የተባለውን የድብርት መድኃኒት በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸውን እያመማቸው ሲንገዳገዱ ሰነበቱና፣ አንድ ማለዳ ባዶ ጀበና ከሰል ላይ ጥደው የገዛ ልጃቸውን «አንቺ ማነሽ?» አሏት። ግማሹ ቤተሰብ እርጅና ነው፣ ግማሹ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ይወሰዱ ሲል፣ የደም ምርመራው በሊትር ከ135 ሚሊሞል መውረድ የሌለበት ሶዲየም (በደም ውስጥ ያለው ጨው) 118 መድረሱን አሳየ። ይህ ዓይነቱ መድኃኒት አልፎ አልፎ ሰውነት ውኃ እንዲይዝና የደም ሶዲየም እንዲቀንስ ያደርጋል፤ እርሳቸው ደግሞ ለደም ግፊት የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዱ ስለነበር አደጋው የበለጠ ከብዷል፤ ፍሉኦክሴቲኑ ሲታዘዝ ግን ሌላ ምን እንደሚወስዱ የጠየቃቸው አልነበረም። ከላይ «እንግዲያው መድኃኒቱ ይጣል» ያሉት አስተያየት ሰጪ ግን፣ እባክዎ፣ ይህን ለሕመምተኛ አይምከሩ፤ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ ማዞርና ጭንቀት ሊያመጣ፣ ድብርቱንም ሊመልሰው ይችላል። አክስቴ ሆስፒታል ተኝተው ሶዲየማቸው ቀስ በቀስ ከተስተካከለ በኋላ በሌላ መድኃኒት ሕክምናቸውን ቀጥለዋል፤ አሁን ሐኪማቸው ደማቸውን በየጊዜው ያስመረምራሉ።