ስምህን ማወቁ ዕዳውን እውነት አያደርገውም

ወንድሜ፣ «ዕዳ አለብህ ብሎ የደወለልህ ሰው ሙሉ ስምህንና አድራሻህን በትክክል ከነገረህ ዕዳው የእውነት ነው፤ ሳይብስ ክፈል» ያልከው ስህተት ነው። ብዙ ሰው የሚጭበረበረውም በዚሁ እምነት ነው።

ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን፣ የመታወቂያ ቁጥር ጭምር ከድርጅቶች የመረጃ ቋት ተሰርቆ ይሸጣል። ስልክህ ላይ የሚታየውንም ቁጥር የባንክ አስመስሎ መደወል ይቻላል።

አክስቴ ጋ የደወለው ሰው የድሮ አድራሻዋን ሳይቀር ነገራት። ደነገጠች። «የማን ዕዳ ነው? መቼ ተበደርኩ? በጽሑፍ ላክልኝ» ስትለው ግን ድምፁ ተቀየረ። «ጊዜ የለም፣ ፖሊስ እየመጣ ነው፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አላት። ከዚያ የስጦታ ካርድ (አስቀድሞ ገንዘብ የተሞላበት፣ ቁጥሩን የያዘ ሰው የሚገበያይበት ካርድ) ገዝታ ከጀርባው ያለውን ቁጥር እንድታነብለት ጠየቃት። እውነተኛ ዕዳ ሰብሳቢ በስጦታ ካርድ ክፈሉ አይልም!

ስልኩን ዝጋው። ከዚያ አበዳሪውን ራስህ ጋ ባለው ውል ወይም ደረሰኝ ላይ በተጻፈው ቁጥር ደውለህ ጠይቅ። ደዋዩ የሰጠህን ቁጥር አትጠቀም። «የሂሳብህ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው አይደል?» ቢልህ አዎም አይደለምም አትበል። የጎደለውን አንተው እየሞላህለት ነው። በእርግጥ ያለብህ ዕዳ ቢሆንም አጣራ፤ ገንዘቡ ለአጭበርባሪ ከሄደ ዕዳህ እዚያው ነው።

የከፈለ ካለ፣ እባካችሁ፣ አይፈር። አሁኑኑ ባንኩ ጋ ይደውል። በስጦታ ካርድ ከሆነ ካርዱን ላወጣው ድርጅት ያሳውቅ፤ ደረሰኙንም አይጣለው።