ወረርሽኙ አለፈ፤ ተመራማሪውስ?

መጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሐኪምም ተመራማሪም ለመሆን የሚማር ሰው ሁለቱን ዲግሪዎች ለመጨረስ ብቻ ሰባት ስምንት ዓመት ይፈጅበታል። ከዚያ የስፔሻሊቲ ሥልጠና አለ። የራሱን ላቦራቶሪ እስኪከፍት ደግሞ ሌላ ጥበቃ። በቢምቢ የሚተላለፈው የዚካ ቫይረስ ወረርሽኝስ? የዓለም ጤና ድርጅት በፌብሩዋሪ 2016 ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት ብሎ አወጀው፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ አዋጁን አነሳ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በዚያ ዓመት «የዚካን ክትባት ነው የማጠናው» ብሎ የገባ ተማሪ ገና ኮርሱን ሳይጨርስ በሽታው ከዜና ወጣ። ከዜና የወጣ በሽታ ደግሞ ገንዘብ አያገኝም።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። በቢምቢ ለሚተላለፉ ቫይረሶች ገንዘብ የሚፈሰው ሰው ሲደነግጥ ነው። ተመራማሪ የሚሠለጥነው ግን ማንም ባልደነገጠበት ጊዜ ነው።

ዚካን ትንሽ ልቆይበት። ቫይረሱ የተገኘው በ1947 ነው፤ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ዚካ በሚባል ጫካ፣ ከአንዲት ጦጣ ደም። እስከ 2016 ድረስ ስንት ዓመት እንደነበረን መቁጠር ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ እጩ ክትባቶች በጥድፊያ ተሠርተው ሰው ላይ መሞከር ጀመሩ። ግን አንድ ክትባት መከላከሉ የሚታወቀው ከተከተቡትና ካልተከተቡት ስንት ሰው እንደታመመ ሲቆጠር ነው። የሚታመም ሰው ሲጠፋ ምን ይቆጠራል? ለሕዝቡ ደስታ ነው፤ ለሙከራው ግን መርዶ። ዛሬም ፈቃድ ያገኘ የዚካ ክትባት የለም።

«ታዲያ ሐኪሙ ያክም፣ ተመራማሪው ይመራመር፤ ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» የሚሉ አሉ። ሰልጣኞቹም ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲባሉ ነው የሚከርሙት። ጥሩ ተረት ነው። ደንጊ ለሚባለው ሌላው የቢምቢ በሽታ ግን አይሠራም።

ደንጊ አንድ ቫይረስ አይደለም፤ አራት ወንድማማቾች ናቸው። በአንዱ ተይዞ የዳነ ሰው ያ ዓይነት ዳግመኛ አያሰጋውም። ሌላኛው ሲመጣ ግን ጉድ አለ። የቀድሞው አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራው ፕሮቲን፣ አዲሱን ቫይረስ ማገዱ ቀርቶ እጁን ይዞ ወደ ሴል የሚያስገባበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው ሕመም ከመጀመሪያው የሚብሰው ለዚህ ነው። ይህን ቀድመው ካስተዋሉት አንዱ በ1960ዎቹ ባንኮክ የሠሩት ሐኪም ስኮት ሃልስቴድ ናቸው። ክፉኛ የሚታመሙት ልጆች በአብዛኛው ለሁለተኛ ጊዜ የተያዙት ሆነው ተገኙ። ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ብቻ ከዚህ ወጣ ያሉ ነበሩ፤ የተያዙት ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሆኖ ሳለ ይጠናባቸዋል። አንቲቦዲውን ከእናታቸው ወስደውታል ለካ! ይህን ለማየት የሕፃኑን አልጋም የደም ናሙናውንም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ነገሩ ተመልሶ መጣ። ከ2016 ጀምሮ ፊሊፒንስ ውስጥ ከ800,000 በላይ ልጆች ዴንግቫክሲያ የተባለውን የደንጊ ክትባት ወሰዱ። ሃልስቴድ አስጠንቅቀው ነበር፦ ደንጊ ይዞት ለማያውቅ ልጅ ክትባቱ እንደ መጀመሪያ ሕመም ሊቆጠርበት ይችላል። በኖቬምበር 2017 አምራቹ ሳኖፊ ራሱ፣ ቀድሞ ደንጊ ያልያዛቸው ሰዎች ከተከተቡ በኋላ ቢያዙ ሕመሙ ሊጠናባቸው እንደሚችል አስታወቀ። ዘመቻው ቆመ። ወላጆች ሌላውንም ክትባት መጠራጠር ጀመሩ። በ2019 ኩፍኝ አገሪቱን አመሳት። ምክንያቱ ይሄ ብቻ ነበር አልልም፤ ግን ያልተሰማ ማስጠንቀቂያ ዋጋው ስንት እንደሆነ ያሳያል።

ጊዜ ሲሰጠው ሥራው ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ቢጫ ወባን ይመልከት። በነገራችን ላይ ስሙ ወባ ይሁን እንጂ ወባ አይደለም፣ ቫይረስ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው ቢምቢም ቀን ቀን ስለምትናከስ አጎበር ብዙም አያግዝም። በ1927 ዛሬ ጋና በምትባለው አገር አሲቢ ከሚባል ታማሚ ደም ተወሰደ። አሲቢ ዳነ። በሽታውን ያጠኑ የነበሩት አድሪያን ስቶክስ በዚያው ዓመት በበሽታው ሞቱ፤ ሂዴዮ ኖጉቺ ደግሞ በማግስቱ ዓመት አክራ ውስጥ። ሕክምና የተማሩት ማክስ ታይለርም ተይዘው ነበር፤ ተረፉ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የአሲቢን ቫይረስ በሴሎች ውስጥ ደጋግመው እያሳደጉ አለዘቡት። በ1937 ክትባቱ ወጣ። ዛሬም እሱኑ ነው የምንከተበው፤ ለአብዛኛው ሰው አንድ መርፌ ዕድሜ ልክ ይበቃል። ከአሲቢ ደም እስከ ክትባቱ አሥር ዓመት ነው። ሥራውን የደገፈው የሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ መሀል ላይ አልተቋረጠም።

የምጠይቀው ነገር ብዙ አይደለም። የሰልጣኙ ደመወዝና የምርምር ጊዜ በአንድ ወረርሽኝ ስም አይታሰር። ቢጫ ወባ፣ ደንጊና ዚካ የአንድ ቤተሰብ ቫይረሶች ናቸው፤ አንዱን በደንብ የተማረ ሰው ሌላውን ከዜሮ አይጀምርም። የዲዩቲው ብዛትም ላቦራቶሪውን አይዋጠው። ሌሊቱን ዎርድ ያደረ ሰው ጠዋት ሴል ሊያሳድግ ቢገባ የሚያበላሸው ሴሉን ነው።

ሌላው የቢምቢ ቫይረስ፣ ዌስት ናይል፣ በ1999 ኒውዮርክ ገባ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ለፈረሶች ክትባት ተገኘ። ለሰው ግን ፈቃድ ያገኘ እስካሁን የለም። አንድ ሰልጣኝ ይህን ላጥና ብሎ ዛሬ ማመልከቻ ቢያስገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ለምን አሁን?» ተብሎ ነው።