ውሃ ዳር ለመቀመጥ ስንት ይከፈላል?

ብራዚል፣ እስፒሪቶ ሳንቶ ግዛት ሰሜን ጫፍ ላይ ኢታውናስ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። አስፋልት የላትም፣ መንገዷ አሸዋ ነው። ከመንደሯ ወጥተህ ውሃው የጠቆረ ወንዝ በድልድይ ትሻገራለህ፣ ከዚያ እስከ 30 ሜትር የሚደርስ የአሸዋ ኮረብታ እየተንሸራተትክ ትወጣና አትላንቲክ ፊትህ ድቅን ይላል። ጫማህን እንዳታወልቅ ብቻ፣ እኩለ ቀን ላይ አሸዋው የጋለ ምጣድ ነው።

የድሮዋ መንደር እዚያ አሸዋ ስር ናት። አሸዋውን ይዞት የነበረው ቁጥቋጦ ሲመነጠር ነፋሱ እየገፋ ቤት በቤት ዋጣት፤ በፈረንጆቹ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሰዉ ቀስ በቀስ ወንዙን ተሻግሮ ሰፈረ። አሁን ቦታው ፓርክ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አጥር የለም። የዘንባባ ክዳን ያላቸው ዳሶች ዓሣና ቀዝቃዛ ቢራ ይሸጣሉ፣ ካልፈለግክ ፎጣህን አንጥፈህ መተኛት ነው። አጠገቤ አንዲት እናት ከቤቷ ቋጥራ የመጣችውን ዶሮ ከተቆላ የካሳቫ ዱቄት ጋር ለልጆቿ ታድላለች፣ ዞር በል ያላት የለም። በፈረንጆቹ 1988 የወጣው ሕጋቸው ባህር ዳርቻ የሕዝብ ነው፣ መግቢያውም ክፍት ይሁን ይላል።

እኔ የምኖርበት ኒው ጀርሲ ብዙው ዳርቻ በሙቀቱ ወራት በገንዘብ የተገዛ የመግቢያ ባጅ ይጠይቃል። እሺ፣ ፈረንጅ ነው፣ ለምዶበታል። የኛስ? ቢሾፍቱ ቤተሰቤን ይዤ ሄጄ ሐይቁ ጋ ለመድረስ በአንድ ሆቴል በር ማለፍ ነበረብን። ዘበኛው ቦርሳ ፈተሸና የእናቴን አገልግል አየ። «ምግብ ከውጪ አይገባም እማማ።» እናቴ ጎንበስ ብላ ለመነችው፣ እሱም ታዝዞ ነውና አልፈረድኩበትም። አገልግሉ መኪና ውስጥ ቀረ፣ እኛ ገብተን ቀዝቃዛ ፓስታ በእሳት ዋጋ በላን።

ብራዚል ገነት ናት አልልም። እዚያም ባለሀብት መተላለፊያውን በግቢው ይዘጋል። ልዩነቱ፣ የተዘጋበት ሰው ይዞ የሚከስበት ሕግ አለው።

ደግሞ ሆቴል አይሠራ ማለቴ አይደለም፣ ይሠራ፣ ልጆቻችንም ሥራ ያግኙ። ግን በሁለት ሆቴል መሃል ሰው ከነአገልግሉ የሚያልፍባት ሦስት ሜትር መንገድ መተው ማንን ያከስራል?