ያቃጥላል አትበሉ!

ለአንድ ጠርሙስ ጆርጅ ቲ ስታግ (የአሜሪካ ቦርቦን ውስኪ ነው) ያን ሁሉ ወረፋ ጠብቆ፣ ብርጭቆውን በበረዶ ሞልቶ መገልበጥ ምን የሚሉት ነው? ከዚያ ደግሞ «ያቃጥላል!» ታዲያ ምን ያድርግ? ስታግ እኮ ባሬል ፕሩፍ ነው፤ ማለትም ከበርሜል እንደወጣ፣ ውኃ ሳይነካው የታሸገ፤ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ60 በመቶ ይበልጣል። በረዶው ከማቃጠሉ ጋር ሽታውንም ይገድለዋል፤ ቫኒላው፣ ካራሜሉ ድራሹ ይጠፋል።

አፈ ጠባብ ብርጭቆ ላይ 30 ሚሊ ሊትር ቅዱ፣ 10 ደቂቃ ተዉት፣ አፋችሁን ከፈት አድርጋችሁ አሽትቱ። (አፍንጫውን ብርጭቆው ውስጥ የሚነክረውስ!) ከዚያ ውኃ በጠብታ። አልኮሉ 65 በመቶ ከሆነ፣ ለ30ው ሚሊ ሊትር 9 ሚሊ ሊትር ውኃ ወደ 50 በመቶ ያወርደዋል፤ ግን ባንዴ አትድፉት፣ አንዴ የገባ ውኃ አይወጣም። ደግሞ ጠርሙሱን እንደ ወይን ማጋደም! አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል እኮ።